ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን መስማት፦ ሙዚቃን በቁም ነገር ማድመጥ ለሚጀምሩ

ሙዚቃ የማይሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። በታክሲው፣ በሠርጉ፣ በጸጉር ቤቱ፣ ጎረቤት ከፍ አድርጎ በከፈተው ሬዲዮ፣ ፈለግንም አልፈለግንም ሙዚቃ ጆሯችን ይገባል። ይሁን እንጂ የምንወደውን ዘፈን ለምን እንደወደድነው ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን የምንናገረው ስለ ዘፋኙ ድምፅና ስለ ግጥሙ ብቻ ነው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ በቅኔና በአዝማሪ ግጥም ያደገ ሕዝብ ጆሮውን አስቀድሞ ወደ ቃል ቢያዘነብል የሚጠበቅ ነው። በቁም ነገር ማድመጥ የሚጀምረው ግን፣ በእኔ ግምት፣ አንድ ሰው ለዓመታት ሲያንጎራጉረው የኖረውን ዘፈን ሰምቶ «ይህን ባስ የሚጫወተው ማን ነው? ማንስ አቀናበረው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው። ይህ ጽሑፍ ወደዚያ ጥያቄ እንዴት እንደሚደረስ፣ ከተደረሰ በኋላም ምን ቢደረግ እንደሚበጅ ያሳያል። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰድኩት ከአዲስ አበባው ዘመናዊ ሙዚቃ ነው፤ አንባቢው ዘፈኖቹን ቀድሞ ስለሚያውቃቸው የሚቀረው እንደ አዲስ መስማት ብቻ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጥያቄ ሰዎች የሚደርሱት በልዩ ልዩ በር ነው። አንዳንዱ ታላቅ ወንድሙ ትቶት በሄደ የካሴት ክምር ይገባል። ሌላው በማኅሌት ወይም በመንዙማ ያደገ ስለሆነ ሳያውቀው የሠለጠነ ጆሮ ይዞ ይመጣል። በተለይ በውጭ አገር ያደጉ ወጣቶች ደግሞ የአገራቸውን ሙዚቃ ከባዕድ አፍ ተቀብለው የሚገቡበት ጊዜ አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ባሳተማቸው «ኢትዮፒክስ» በተባሉት አልበሞች፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በገቡበት «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው የ2005 የአሜሪካ ፊልም፣ ወይም የሙላቱን ዜማ ቆርጠው በተጠቀሙ የሂፕ ሆፕ ዘፈኖች አማካይነት የገቡ ብዙዎች ናቸው። በየትኛውም በር ይግቡ፣ ከደጃፉ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ዓይነት ነው።

አንድ አልበም ይምረጡ፣ ሌላውን ይተዉ

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚሰሙትን መቀነስ ነው። በካሴት ዘመን አንድ ወጣት ገንዘብ አጠራቅሞ የገዛውን ካሴት፣ ሌላ እስኪገዛ ድረስ፣ በሁለቱም ገጽ ደጋግሞ ይሰማው ነበር፤ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ቀጣዩ ገና ሳይጀምር በአፉ ያዜመው ነበር። ይህን ያደረገው ሌላ አማራጭ ስላልነበረው እንጂ ከእኛ የተሻለ ትዕግሥት ስለነበረው አይደለም። ዛሬ ስልክ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ዘፈን ስላለ፣ ያንን እጥረት ሆን ብሎ መፍጠር ግድ ይላል። ስለዚህ አንድ አልበም ይምረጡና ለሁለት ሳምንት ያህል ከእሱ ውጭ በፈቃድዎ ሌላ አይክፈቱ። መተግበሪያው ራሱ እየመረጠ የሚያስከትላቸውን ዘፈኖች ያጥፉ፤ ቅደም ተከተሉንም እንዳለ ይተዉት።

ምን ይመረጥ ለሚለው፣ ቃል የሌለበት ሥራ ብመክር ደስ ይለኛል፤ ግጥም ከሌለ ጆሮ የሚሸሸግበት ቦታ ያጣል። ዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ታዋቂ ቅንብርም የሚገኘው እዚያው ላይ ነው። ያለ ዘፋኝ የሚሰለቹ ከሆነ ደግሞ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ይውሰዱ፤ በ1975 የተሠራ ሲሆን፣ የአይቤክስ አባላት ኋላ ሮሃ ባንድን እንደመሠረቱ ማወቅ በኋላ ለሚመጣው ፍለጋ ይጠቅማል።

አሁን ሥራው ይጀምራል። ከአልበሙ አንድ ዘፈን ያውጡና በመጀመሪያው ዙር ምንም ሳይፈልጉ ይስሙት። በሁለተኛው ዙር ባስ ጊታሩን፣ ማለትም ከሥር የሚሰማውን ወፍራም ድምፅ፣ ብቻ ይከተሉ። ይህ በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም፤ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ጆሮዎ ሳክስፎኑን ወይም ድምፃዊውን ተከትሎ ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ይመልሱት። ባሱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይጓዛል፤ እርስዎ የሚጠብቁት ግን ያንን ሐረግ የሚቀይርባትን ቅጽበት ነው። ድምፃዊው ከአንዱ አዝማች ወደ ቀጣዩ ስንኝ ሲሻገር፣ ባሱ አንድ ድምፅ ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሚያሻግረው ያስተውሉ። ያንን አንድ ጊዜ ከሰሙ በኋላ አለመስማት አይቻልም። በሦስተኛው ዙር ድራሙን፣ በአራተኛው የነፋስ መሣሪያዎቹን፣ በአምስተኛው ጊታሩን ወይም ኦርጋኑን ይከተሉ፤ በመጨረሻም ሁሉንም በአንድነት ይስሙ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ በመጨረሻው ዙር ነው፤ ለዓመታት የሚያውቀው ዘፈን ገና የተሠራ ይመስለዋልና።

ድራሙ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ለእኛ ሙዚቃ ቁልፍ የሆነ ነገር እዚያ አለ። ችክችካ የምንለው ምት ስድስት ስድስት ተደርጎ የሚቆጠር ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት» እያሉ በእኩል ፍጥነት ይቁጠሩና በአንድና በአራት ላይ ያጨብጭቡ፤ ዘፈኑ በሁለት እግር የሚራመድ ይመስላል። ከዚያ ቆጠራውን ሳያቋርጡ በአንድ፣ በሦስትና በአምስት ላይ ያጨብጭቡ፤ ያው ዘፈን በሦስት ይከፈላል። ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ዘፈን ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ፣ አንዱ ተጫዋች በዚህኛው ሌላው በዚያኛው ሲሄድ የሚፈጠረው መሳሳብ ነው ትከሻን የሚያነቃው። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይህን በገላው ያውቀዋል፤ በጆሮው ለማወቅ ግን መቁጠር አለበት።

አራቱ ቅኝቶች በጥቁሮቹ ቁልፎች

ስለ ቅኝት፣ ማለትም አንድ ዜማ ስለሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ፣ የተጻፉ ነገሮችን ማንበብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከንባብ በፊት ጣት ይቅደም እላለሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ናቸው። በስልክዎ ላይ ነጻ የፒያኖ መተግበሪያ ይጫኑና ነጮቹን ቁልፎች ሳይነኩ ጥቁሮቹን ብቻ ይመልከቱ። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ ናቸው። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይጫኑ፤ ወደ ቀኝ እየሄዱ ሦስቱን፣ ቀጥሎም ሁለቱን ይምቱ። የሰሙት ትዝታ ሜጀር ነው፤ በዶ ሬ ሚ ቢነገር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ማለት ነው። ከአምስቱ ጥቁሮች ሳይወጡ እንዲሁ እየነካኩ ቢቆዩ፣ ያለ ምንም ትምህርት የሚታወቅ ዜማ ከእጅዎ ሲወጣ ይሰማሉ።

አሁን ከሦስቱ ጥቁሮች ሦስተኛውን ይተዉና በግራው ያለውን ነጭ ቁልፍ ይጫኑ፤ ከሁለቱም ሁለተኛውን ትተው እንዲሁ በግራው ያለውን ነጭ ይጫኑ። ሁለት ድምፆች በግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ አሉ፤ ሙዚቃው ግን ከቀን ወደ ምሽት ዞረ። ይህ ትዝታ ማይነር ነው። ቀሪዎቹን ከነጩ ዶ፣ ማለትም ከሁለቱ ጥቁሮች ከመጀመሪያው በግራ ካለው ነጭ ቁልፍ፣ ተነሥተው ይሞክሩ («ዝቅ ያለ» ሲባል ከተጠራው ነጭ በግራ ያለው ጥቁር ነው)፤ ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን፣ አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው፤ ከአራቱ ለጆሮ በጣም የሚያስቸግረውም እሱ ነው፤ በሠርግ ዘፈኖች ለምደነው ስላደግን ግን አስቸጋሪነቱ አይታወቀንም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ፒያኖ የሚሰጠው አጽሙን ብቻ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ሁሉ ይነካል፤ ክራርም ሁልጊዜ ከፒያኖ ጋር እኩል አይቃኝም፤ ድምፃዊውም ወደ ማረፊያው ድምፅ የሚደርሰው ከላይ እያርገበገበ ነው። ስለዚህ ቅኝቱን በቁልፎቹ ከለዩ በኋላ መተግበሪያውን ዘግተው ወደ ሰዎቹ ይመለሱ። ደግሞም አራቱ ቅኝቶች የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሙሉ አይሸፍኑም፤ ሁሉን በእነሱ ለመመዘን የሚሞክር አድማጭ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ያው ዜማ በሌላ አፍ

ከአንድ አልበም ቀጥሎ የሚመጣው ልምምድ አንድን ዜማ በብዙ ሰው መስማት ነው፤ ለዚህም ከትዝታ የተሻለ መነሻ የለም። ትዝታ የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዜማም ስለሆነ ብዙ ታላላቅ ድምፃውያን እየወሰዱ የየራሳቸው አድርገውታል። ጌታቸው ካሳ በዝግታና በፍጥነት ሁለት ጊዜ ቀርጾታል፤ ሁለቱንም ተከታትለው ይስሙና ፍጥነቱ ሲጨምር ከድምፁ ማርገብገብ ምን እንደቀረ፣ ለመሣሪያዎቹ ምን ቦታ እንደተከፈተ ይመዝግቡ። ከዚያ የበዛወርቅ አስፋውን ይስሙ፤ እሷ ስንኙን ስትጨርስ የመጨረሻውን ድምፅ የምታሳርፍበት መንገድ ለብቻው ጥናት ይገባዋል። ቀጥለው የማሕሙድን ያምጡ። የማንኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ለቡና ሰዓት ይቆይ፤ የአድማጩ ጥያቄ «ይህ ሰው ምን ጨመረ፣ ምንስ ተወ?» የሚል ነው።

በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን ልምምድ ሳይነግሩት ያውቀዋል። በማኅሌት አንዱ ቃል በመጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው በመረግድ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በጽፋት በጭብጨባ ይፈጥናል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው አካሄዱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ቆሞ የሰማ ወጣት፣ አንድ የሙዚቃ ሐሳብ ቀስ በቀስ እየጋለ የሚሄድበትን መንገድ ከማንኛውም የሙዚቃ ክፍል ባልተናነሰ ተምሯል። ያንን ጆሮ ወደ ዘመናዊው ሙዚቃ ይዞ መምጣት የማይገባ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እንዲያውም ትልቁ ስንቅ እሱ ነው ባይ ነኝ።

የአቀናባሪውን ስም መፈለግ

ዘፋኙ ፊቱ በሽፋኑ ላይ ነው። የዜማ ደራሲው፣ የግጥም ደራሲው፣ አቀናባሪውና ተጫዋቾቹ ግን በትንሽ ፊደል ከጀርባ ተጽፈው ይገኛሉ፤ በስልክ ዘመን ደግሞ ጭራሽ ይጠፋሉ። ቁም ነገረኛ አድማጭ ከሌላው የሚለየው እነዚህን ስሞች በመከተል ነው። ለምሳሌ ግርማ በየነን ይውሰዱ። በራሱ ድምፅ የቀረጻቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን እጅግ ብዙ ናቸው። በቅርቡ ዘመን ኤልያስ መልካን ይከተሉ፦ የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» እና የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም ጎን ለጎን ያድርጉ። ሁለቱ ድምፃውያን በምንም አይገናኙም፤ ነገር ግን መሣሪያዎቹ ለድምፁ ቦታ የሚለቁበት ሁኔታ፣ አንድ ትንሽ የኪቦርድ ወይም የጊታር ሐረግ ገብታ የምትወጣበት ጊዜ፣ የአንድ ሰው እጅ እንዳለበት ይመሰክራል። የአንድን አቀናባሪ እጅ ስሙን ሳያዩ በጆሮ የለዩ ዕለት፣ ከተራ ሰሚነት መውጣትዎን ማንም ሊነግርዎት አያስፈልግም።

ጥቂት ታሪክ ማወቅም ጆሮን ያግዛል፤ የምንሰማው ድምፅ ለምን እንዲያ እንደሆነ ያስረዳልና። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ትራምፔትና ሳክስፎን ያን ያህል የበረቱት ያለ ምክንያት አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ሆነው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የአገራችንን ዜማ ለትልልቅ ኦርኬስትራ በማቀናበር ትልቅ አሻራ ተወ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የጦር ሠራዊት ባንዶች ተጫዋቾችን አፈሩ፤ ጥላሁን ገሠሠም ዝናው የገነነው በክቡር ዘበኛ ነው። እንግዲህ የዘመኑ ዘፈን በወታደር ቤት የሠለጠነ ትንፋሽ አለበት ማለት ነው።

በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ፣ በድፍረት የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ የጀመረውም በዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። እነዚህ ሸክላዎች በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች ስለነበሩ አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። የዚያ ዘመን ዘፈን ሳይንዛዛ የሚጀምረውና ቶሎ የሚያልቀው፣ ረዘም ሲልም በሁለት ገጽ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ካሴት ሲመጣ ሠላሳ ደቂቃ በአንድ ገጽ ስለተገኘ ዘፈኖቹም ረዘሙ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ሕይወት አዳከመ፤ ትልቅ ባንድ ማስተዳደርም ከበደ፤ ቀስ በቀስም ኪቦርድ የነፋስ መሣሪያዎቹን ቦታ ወሰደ። ብዙዎች የኪቦርዱን ዘመን እንደ ውድቀት ብቻ ያዩታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ለማስረጃም የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ሳለ በ1985 ለብቻው በአኮርዲዮንና በኪቦርዶች የሠራውን ካሴት መስማት ይበቃል፤ በ2013 እንደገና ታትሞ፣ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የነበረውን ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረክ የመለሰው ያ ካሴት ነው።

በገና፣ አዝማሪና የእማሆይ ፒያኖ

በባንድ ሙዚቃ የሠለጠነ ጆሮ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ጸጥታን መሸከም አይችልም። ለዚህ መድኃኒቱ በገና ነው። አሥሩ አውታሮች ከብርኩማው (አውታሮቹን ደግፎ ከሚይዘው እንጨት) በሚነኩበት ላይ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያንን እንደ ንብ የሚያንዠብብ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ምት ተመቶ እስኪከስም ድረስ ያለውን ይከታተሉ፤ ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ቀለሙም ይለዋወጣል። የመምህር ዓለሙ አጋ ቅጂዎች ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ናቸው። ሌላ ሥራ እየሠሩ በገና አይሰሙ፤ በሁዳዴ ምሽት መብራት ቀንሰው ቢሰሙ ይመረጣል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ የሠሯቸው ቅጂዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። በ2023 ያረፉት መነኩሲት ረጅም ዘመን የኖሩት በኢየሩሳሌም ነበር። ሥራዎቻቸውን በእግርዎ እየመቱ ለመቁጠር ቢሞክሩ አይሆንልዎትም፤ ግራ እጃቸው ይጠብቃል፣ ቀኝ እጃቸው ይዘገያል፣ ከዚያ ድንገት ይቸኩላል። ቀደም ሲል መቁጠርን የመከርኩ ሰው እዚህ ላይ ቆጠራውን ይተዉት እላለሁ፤ እንደ ንግግር ይስሙት።

የአዝማሪ ቤት ግን የሚሰማው በአካል ነው። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፤ ሰው እየሣቀ ሳለ ግን የሚቀጥለውን ስንኝ መሥራት አለበት። በዚያች ክፍተት ማሲንቆው ምን እንደሚያደርግ ያድምጡ፤ አንዷን ሐረግ እየመላለሰ፣ ትንሽ ትንሽ እየቀያየረ፣ ጊዜ ይገዛል። ስንኙ ሲበስል ደጋኑ ይጠነክራል፤ ልምድ ያለው ታዳሚም ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ይህን ከደጋኑ ያውቃል። ይህ ነገር ከአዝማሪ ቤት ወደ ባንድ ተሻግሯል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲጫወት የሰማ ሰው፣ ቃል ባይኖርም የሚፎክር ሰው ትንፋሽ የሚወስድባቸውን ቦታዎች በትክክል መለየት ይችላል።

ወደ ግጥሙ መመለስ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ግጥሙ ይመለሱ፤ አሁን በሌላ ጆሮ ይሰሙታልና። አንድ ስንኝ ሁለት ጊዜ ሲደገም ዘፋኙ በሁለተኛው ላይ የትኛውን ቃል እንዳስረዘመ ይመልከቱ፤ ሰምና ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በጽሑፉ ሳይሆን በዚያ ማስረዘም ነው። ቃሉን የት እንደሚከፍል፣ የት እንደሚያያይዝ የሚወስነው ዜማው ስለሆነ ግጥሙን ከወረቀት ያነበበ ሰው ኅብረ ቃሉን፣ ማለትም ሰሙንና ወርቁን በአንድነት የያዘውን ቃል፣ ሊስት ይችላል። በሌላ በኩል በየፍቅር ዘፈኑ የተደበቀ ፖለቲካ የሚያድኑ ሰዎችን አይከተሉ። አንዳንድ ዘፈን በእርግጥ እንዲያ ተሠርቷል፤ ብዙው ግን ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ በዚያም ምንም አይጎድልበትም።

ስለ መሣሪያና ስለ ጆሮ ጤና

ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ የስልኩ የራሱ ስፒከር ግን አይበቃም። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ያንን ዝቅተኛ ድምፅ የስልክ ስፒከር ከናካቴው ማውጣት አይችልም። ባስ ለመከተል የሞከሩና ያልተሳካላቸው ብዙዎች ችግሩ የጆሯቸው አይደለም። ጆሮን በደንብ የሚገጥም መካከለኛ ዋጋ ያለው ማዳመጫ ይግዙ። በኢንተርኔት የሚገኙ የቆዩ ዘፈኖች ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ የኖሩ ስለሆኑ ብዙዎቹ የታፈኑ ናቸው፤ የቴፑ ፍጥነት ተዛብቶ የዘፋኙ ድምፅ የቀጠነ ወይም የወፈረም አይጠፋም። በሕጋዊ መንገድ እንደገና የታተመ ቅጂ ካለ እሱን ይግዙ፤ ለጆሮዎም ለባለሙያውም ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ በ90 ዴሲቤል ከሆነ ግን እስከ 4 ሰዓት ብቻ እንዲደመጥ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ የውጩን ጫጫታ ለመሸፈን ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ሳያውቀው ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። ሲያደምጡ አጠገብዎ ያለ ሰው በተለመደ ድምፅ የሚናገረውን ጨርሶ የማይሰሙ ከሆነ ይቀንሱ።

ከለመዱት አጥር መውጣት

አንድ አደጋ አለ። ጆሮው መሠልጠን የጀመረ ሰው ቶሎ ፈራጅ ይሆናል፤ «ከድሮው ወዲህ ሙዚቃ የለም» ማለት ይወዳል፤ በየሠርጉም ዲጄውን ይሰድባል። ሌላው ደግሞ ወደ ማከማቸት ያዘነብላል፤ በሺህ የሚቆጠር ፋይል በሃርድ ዲስክ ሰብስቦ አንዱንም እስከ መጨረሻው አይሰማም። የሁለቱም መፍትሔ ወደ ማያውቁት መሄድ ነው።

ከሙላቱ ቢነሡ መንገዱ ቅርብ ነው። በጅማ ተወልዶ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማረው ሙላቱ በ1966 በኒው ዮርክ ያወጣቸው ሥራዎች በላቲን ምት የተሞሉ ናቸው። ከእነሱ ወደ ኩባና ወደ አሜሪካ ጃዝ መሻገር አያስቸግርም። ወደ ምዕራብ ከተመለከቱ ሱዳን አለች፤ የመሐመድ ወርዲ ሙዚቃ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ ዐረብኛ የማይችል ኢትዮጵያዊም ሲወደው ኖሯል፤ ቃሉን ሳይረዱ ዜማውን ብቻ ለማድመጥ የተመቸ ልምምድ ነው። ከአገር ውስጥ ደግሞ የዓሊ ቢራን የኦሮምኛ ሥራዎች በዚሁ መንገድ፣ መጀመሪያ ባሱን ከዚያ ጊታሩን እየተከተሉ፣ ይስሙ።

በመጨረሻ የዶርዜን የኅብረት ዝማሬ ይፈልጉ። እስካሁን ያየነው ሁሉ አንድ ዜማ ከፊት ሆኖ ሌላው የሚያጅብበት ነው፤ በዶርዜ ግን ወንዶች ተሰብስበው ልዩ ልዩ ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ሳይሞላው አይቀርም። ዘፋኙ የቱ ነው፣ አጃቢውስ የቱ ነው ብለው አይጀምሩ። አንዱን ድምፅ ይምረጡ፤ በባሱ እንዳደረጉት እስከ መጨረሻው ይዘውት ይሂዱ፤ ካመለጠዎት ከመጀመሪያው ይክፈቱት።